ሕግ የፈቀደው ሰዓትና ጤናዎ

ትልቅ ድርጅት ውስጥ መቀጠር እንደ ዕድል ይቆጠራል፤ ሰርቪሱም የሕክምና ሽፋኑም ደስ ያሰኛል። ይሁንና አለቃዎ ቢሮ እያሉ ለመውጣት ይሳቀቃሉ፤ ማታም የሥራው ቴሌግራም አያስተኛዎትም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድልን በ35 በመቶ ይጨምራል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱ እስከ 12 ነው። ሲደመር 60! ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ደም ሥርዎ ይችለዋል ብዬ አላምንም።

የዚህን ሳምንት ሰዓትዎን ይቁጠሩ። 55 ከደረሰ የደም ግፊትዎን ይለኩ። የዓመት ፈቃድዎንም በገንዘብ አይለውጡ፤ እሱንስ አዋጁም ይከለክላል።