የብስክሌት ጫማ ሽታ፦ ከሽቶ በፊት ማድረቅ

ከብስክሌት መልስ ጫማ ሲወልቅ ቤቱን የሚሞላው ሽታ የላቡ ብቻ አይደለም። ላብ ከሰውነት ሲወጣ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። የሚሸተው እርጥበትና ሙቀት ያገኙ ባክቴሪያዎች ላቡንና የሞተውን ቆዳ ሲያብላሉት ነው። ሽቶ መርጨት ሽታውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ዋናው መፍትሔ ማድረቅ ነው።

ልጅዎ ጫማውን ቦርሳ ውስጥ እንዳያሳድር ያስለምዱት። የውስጥ ሶሉን አውጥታችሁ ጫማውን በተጨማደደ ጋዜጣ ሙሉት፤ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት። ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር አስቀምጡት። ምድጃ አጠገብ ከሆነ ግን ሙቀቱ ማስቲሹን ያላቅቀዋል። ሲደርቅ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አሳድሩና ጠዋት አራግፉት።

ቁምጣውን፣ ካልሲውንና ጓንቱን በዕለቱ ገልብጣችሁ እጠቡ። ሽታው አልለቅ ካለ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። አቼቶን ከበረኪና ጋር ግን ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። የሄልሜቱን የውስጥ ስፖንጅም አትርሱ፤ በለብታ ውኃና በሳሙና ይታጠባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽታው ከተመለሰ እግሩን እዩት። በጣቶቹ መካከል መላላጥና ማሳከክ ካለ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ከሁሉ በላይ ልጁን በሰው ፊት «ሸተትክ» አትበሉት። ጫማ ይታጠባል፤ ያፈረ ልጅ ግን ብስክሌቱን ሊተው ይችላል።