ኮከቡና ጉድጓዱ

በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ ክርክር ሲጦፍ ቶሎ የምትመዘዝ አንዲት አባባል አለች፦ «ከታች የመጣ መኮንን የወታደሩን ችግር ያውቃል። ተራውን ወታደር ሹሙት፤ ሠራዊቱ ፍትሕ ያገኛል።» አባባሏ ትጣፍጣለች። እስቲ በገዛ ታሪካችን እንመዝናት።

በንጉሡ ሥርዓት ወደ መኮንንነት የሚያስገቡ ሁለት ዋና በሮች ነበሩ። የሐረር ጦር አካዳሚ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ልጆችን ተቀብሎ በሕንድ መኮንኖች እጅ ሦስት ዓመት ያሠለጥን ነበር። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች ርዳታ የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ደግሞ ኋላ ላይ ከሠራዊቱ ውስጥ የተመረጡ ባለሌላ ማዕረጎችን እያሠለጠነ ኮከብ ያስታጥቅ ጀመር። የሐረሩ የሆለታውን ይንቀዋል፤ የሆለታውም ቂሙን ይይዛል።

የሆለታው በር መከፈቱ ትክክል ነበር። ጠመንጃ ተሸክሞ ተራራ ሲወጣ የኖረ አሥር አለቃ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት የለህም ተብሎ ዕድሜ ልኩን ሰላምታ ሲሰጥ ይኑር የሚል ካለ እኔ ከሱ ጋር የለሁበትም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በሩን ያለፈው አንድ ሰው ነው፤ ውጪ የቀሩት ሺዎችስ?

በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር አመፀ። ነገሩ የውሃና የምግብ ነገር ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ቢበላሽ መኮንኖቹ ከእኛ ጉድጓድ አትቀዱም አሉ። ወታደሮቹም መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ሊያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። የነገሌ ጥያቄ «ጉድጓዱ ይከፈት» የሚል ነበር። «ለእኔ ኮከብ ይሰጠኝ» ከሚለው በጣም ይርቃል።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ደርግ ቆመ። አባላቱ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ነበሩ፤ ጄኔራሎቹ በሩን አላለፉም። በልጅነቱ ውትድርና የገባው የሆለታ ምሩቅ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበር ሆነ። እንግዲህ ከታች የመጣ ሰው ይሾም ከተባለ ከዚህ በላይ ምን ሹመት አለ?

ታዲያ ጉድጓዱ ተከፈተ? በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ የገበሬው ልጅ ከየገበያው እየታፈሰ ወደ ግንባር ተጫነ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሸኑ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሊቀመንበሩ ወደ ዚምባብዌ ሲበር ወታደሩ ሜዳ ላይ ተበተነ፤ ስንቱ የአገር ዘብ በየመንገዱ ለልመና እጁን ዘረጋ!

«ሰውየው ክፉ ስለነበረ ነው እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ግን ወታደሩ ውሃ የሚጠጣው አለቃው ደግ ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ ያ ምጽዋት ነው። የተሾመው ሰው ኮከቡን የሰጠው የበላዩ ነው፤ የሚነጥቀውም እሱ ነው። መኖሪያው ይለያል፣ ማዕዱ ይለያል፣ ወዳጁ ይለያል። የትናንት ጓዱ ሊጠይቀው አይችልም፤ ከጠየቀ ይታሰራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ደግሞ፣ የትናንት ረሃብ ለዛሬው አለቃ ትዕግሥት ላያስተምረው ይችላል፤ እንዲያውም ያጣድፈዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ስንት ወታደር መኮንን ሆነ ብለን ብቻ አይሁን። ተራው ወታደር የቀለቡን ሒሳብ ማየት ይችላል ወይ? አለቃውን ቢከስ ሳይቀጣ ይሰማል ወይ? መኮንኑና እሱ ከአንድ ጉድጓድ ይቀዳሉ ወይ? በሩ ክፍት ይሁን፤ ግን እነዚህ ካልተመለሱ ዕጩ መኮንን የሆነው ወታደር ለራሱ ብቻ አመለጠ።

ይኼ የካምፕ ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ጓደኞቼ። ከመካከላችን ስንቱ ነው «የገበሬ ልጅ ነኝ» እያለ ደረቱን የሚነፋ? ዲግሪውም ኮከብ ነው። ነገ ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ገበሬው የሚጠይቀን የማን ልጆች እንደሆንን አይደለም፤ ጉድጓዱን ከፍታችሁታል ወይ ብሎ ነው።