ሽንኩርት ድመትን ይመርዛል

«አትክልትና ፍራፍሬ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ድመትን አይጎዳም» የሚል ምክር ታትሞ ይነበባል። ምክሩ ስህተት ነው፤ የሚያስከፍለውም ሕይወት ነው።

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአየር ጤና እስከ አስኮ፣ ድመት አይጥ እንድትይዝ በቤት ትቀመጣለች፤ የምትመገበውም ከማዕድ የተረፈውን ነው። በ55 ቀኑ ሁዳዴ የሚተርፈው ሽሮና ምስር ወጥ ነው። የሁለቱም መነሻ ደግሞ ቁሌት፣ ማለትም ሽንኩርት ነው።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። በሽንኩርት ውስጥ ያሉ የሰልፈር ውህዶች የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። መቀቀልም ሆነ ማቁላላት መርዙን አያጠፋውም። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት ይህ 20 ግራም ነው፤ አንዲት ትንሽ ራስ ሽንኩርት እንኳ አይሞላም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል።

ሁሉም አትክልት መርዝ ነው ማለት ግን አይደለም። ጨውና ቅመም ያልነካው የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት በጥቂቱ አይጎዳትም። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት እንደሚጎዱ የታወቀ በመሆኑ ለድመትም አይሰጡም።

ከሁሉ በላይ ድመት ሥጋ በል ናት። በ1987 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በሥጋና በዓሣ ውስጥ የሚገኘው ታውሪን ሲጎድል የድመት ልብ እንደሚደክም አረጋግጠዋል።

ጾሙ የሰው ነው። ለድመቷ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ዓሣ ይቀመጥላት፤ ድዷ ከገረጣና ሽንቷ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።