የመለዋወጫ ውድነትና ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ፦ ከቦሎ ባሻገር

የአንድ አይሱዙ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የባለንብረቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መኪናው ምርመራውን ሳያልፍ ቀርቶ ጋራዥ ከቆመ፣ ለገበያ የደረሰው ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያነሣው ያጣል፤ ሥራ ላይ ያሉት መኪኖች ሲያንሱም የማጓጓዣ ዋጋ ይንራል። በቂ ጥገና ሳይደረግለት ቦሎ ለጥፎ ከወጣ ደግሞ ጉዳቱ ለተሳፋሪውና ለእግረኛው ይተርፋል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ያስገድዳል። ግዴታው ግልጽ ቢሆንም የባለንብረቶች አቅም እየተፈተነ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ክፉኛ ተዳክሟል። መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ጫናው ጋራዥ ድረስ ዘልቋል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ በመጣሉም አሮጌውን በሌላ መተካት ከብዷል። ስለዚህ ያለውን ጠግኖ ማቆየት ለብዙዎች ብቸኛው አማራጭ ሆኗል።

ጥያቄው ታዲያ ውስን ገንዘብ በቅድሚያ የት ይዋል የሚለው ነው። መልሱ ፍሬን፣ መሪና ጎማ ነው። የፍሬን ሸራ በወቅቱ ካልተቀየረ ብረቱ ታምቡሩን ይፍቃል፤ በሸራ ዋጋ ይቋጭ የነበረው ጥገናም እጥፍ ድርብ ወጪ ያስከትላል። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚስብ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፤ ፍሬኑም ይከዳል። ከ1ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል በሚወርደው የዓባይ በረሃ መንገድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሹፌሮች ያውቁታል።

በአንጻሩ የተቃጠለ አምፖልና ፊውዝ፣ ያልበራ ፍሬቻ፣ የደረቀ የዝናብ መጥረጊያ ጎማ፣ የተቀደደ ማርሚታ በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው። ቀለምና የቦዲ ሥራ ግን ከደኅንነት በኋላ ይደርሳል። ያገለገለ ዕቃ መግዛትም የራሱ ልክ አለው። በር፣ መስታወት ወይም ካምቢዮ ከሶማሌ ተራ ቢገዛ አያስነውርም፤ ያገለገለ የፍሬን ሸራና የፍሬን ጎማ ቱቦ ግን ርካሽ መስሎ ውድ የሚሆን ግዢ ነው።

ለምርመራው ቀን ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ ገጥሞ፣ በማግሥቱ ወደ ላጣው ጎማ መመለስም ቁጠባ አይደለም። መርማሪውን ቢያሳልፍ እርጥብ አስፋልትን አያታልልም።

መፍትሔው ጥገናን በምርመራ ሰሞን ከመከመር ይልቅ በዓመቱ ውስጥ ማከፋፈል ነው። የመኸር ምርት ማጓጓዝ ከመጀመሩ በፊት ባለው የሥራ መቀዛቀዝ ጊዜ ፍሬንና መሪ ማስፈተሽ፣ በማኅበር የተደራጁ ባለንብረቶችም ሸራና ጎማ በጋራ ቢገዙ ወጪው ይቀልላል። የምርመራ ማዕከላት በበኩላቸው ጉድለቱን በዝርዝር ጽፈው ቢሰጡ፣ ባለንብረቱ ያልተበላሸውን ከማስቀየር ይድናል። አርሶ አደሩም ምርቱን ከመጫኑ አስቀድሞ የመኪናውን ጎማና መብራት ቢመለከት፣ ንብረቱንም ራሱንም ይጠብቃል።