ዳርቻው የሁሉም፣ ጀልባው በሂሳብ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የድሬዳዋው የሳቢያን ሰፈር ወላጅ ክረምቱን ሙሉ የሚሰማው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዛሬስ የት እንሄዳለን?» ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ታንቀላፋለች። አባወራው ሽርጡን ታጥቆ ጋደም ይላል፤ ሱቁ ገርበብ ይላል፤ ባለባጃጁ ዛፍ ሥር አቁሞ እግሩን ይዘረጋል። ልጅ ግን አይተኛም። ፀሐይዋ በርዳ ከቤት ሲወጣም፣ ኪሱ የሳሳ ወላጅ ልጁን ይዞ የሚሄድበት ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው።

እስኪ ያለውን እንቁጠር። ገንዘብ ያለው ሆቴል ገብቶ ለመዋኛ ይከፍላል። ካፌም ቢሆን በነፃ አያስቀምጥም፤ አምስት ሆኖ ጠረጴዛ የያዘ ቤተሰብ «ትንሹ ከእኔ ጋር ይጠጣል» ቢል እንኳ አስተናጋጁ በዓይኑ ይቆጥረዋል። በነፃ የሚገኘው ትልቁ ነገር የከዚራ የእግር መንገድ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋን የቀየሱት ሰዎች ቀጥ ቀጥ ያለ ጎዳና አወጡ፤ ጎዳናው ዛፍ ለበሰ። ይኸው ዛሬም ከለገሃር፣ ከአሮጌው ጣቢያ ደጃፍ ተነስቶ ሙሽበክ እየቆረጡ በጥላ ሥር መንሸራሸር ከሙሽበኩ በቀር ሳንቲም አይጠይቅም። ከደቻቱ ማዶ የከፊራ ገበያም ለሚያይ ዓይን ክፍያ የለውም። ሳቢያን ግን ከዚያ ወዲህ የሰፋ ሰፈር ነው። ቤቱ ተሠራ፣ ኮብልስቶኑ ተነጠፈ፤ ጥላው ለየባለቤቱ ግቢ ተተወ።

ሌላው የነፃ ሜዳ የወንዞቹ አሸዋ ነው። ደቻቱም ሆነ ጎሮ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ናቸው፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ለኳስ የተመቹ። ነገሩ የሚከፋው ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወርና ወንዙ የሚመጣበት ወር አንድ መሆኑ ላይ ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ጥቂት ቆይቶ እኛ ዘንድ ይደርሳል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያን ሌሊት የሚያስታውስ ወላጅ ልጁን «ሂድና አሸዋው ላይ ተጫወት» አይልም። ልጁ ግን ሳይነግረው ይሄዳል። ሌላ የት ይሂድ?

የቀረው መንገድ ሽቅብ ነው። የድሬ ሰው ሙቀት ሲበረታበት የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ነፋስ መቀበል የቆየ ልማዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ። በ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሌላ አየር ይገኛል፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውሃም አለ።

የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ነበር። ሐረር ከተማ ከእሱ ትጠጣ ነበር፤ በዙሪያው ያለው የጫትና የአትክልት ማሳ በሞተር ይስበው ነበር፤ ከተራቆተው ተረተር የወረደው ደለል ወለሉን ሞላው፤ ፀሐይዋም የድርሻዋን ወሰደች። ሐረር ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ድሬዳዋ ዙሪያ ድረስ መጥታ፣ ከጉድጓድ የወጣውን ውሃ ወደ ተራራው ለመግፋት ተገደደች። አባቶቻቸው ጀልባ ያዩበት ቦታ ላይ ልጆች ከብት ሲግጥ አዩ። ኋላ ዝናቡ ደግ ሆነ፣ በተፋሰሱ ላይም ተሠራ፣ ውሃውም ተመለሰ። ውሃው ሲመለስ ሰውም ተመለሰ፤ እሑድ እሑድ ከድሬም ከሐረርም የሚወጣው ቤተሰብ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ዳር ዳሩን ይዞራል።

የዚያን ቤተሰብ ወጪ ቁጭ ብሎ ያሰላ ባለሥልጣን ስለመኖሩ እንጠራጠራለን። ከሳቢያን እስከ መናኸሪያ ባጃጅ፣ ከዚያ የሐረር ሚኒባስ። ባልና ሚስት ከሦስት ልጅ ጋር ደርሶ መልስ የአሥር ሰው ሂሳብ ነው፤ ትንሿን በጭን ቢይዟት ስምንት። ምሳ ከቤት ካልተቋጠረ ደግሞ ሌላ ወጪ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ዳርቻው ላይ ለመቆም ትኬት ቢጨመር ቤተሰቡ ገንዘብ አይጨምርም፤ የሚቀንሰው ሰው ነው። ማን እንደሚቀር የሚያውቅ ያውቀዋል፦ እናትየዋ «እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ትላለች።

ስለዚህ ፍርዳችንን ገና ከዚህ እንናገራለን። በሐረማያ ዳርቻ ላይ የመግቢያ ክፍያ ሊጣል አይገባም፤ የሚከፈለው ለአገልግሎቱ ነው። ጀልባ የሚሳፈር ይክፈል፣ ዓሣ የሚያስጠብስ ይክፈል፣ ድንኳን የሚከራይ፣ መኪና የሚያቆም ይክፈል። ሣር ላይ ተቀምጦ ውሃውን የሚያይ ግን ለማንም ዕዳ የለበትም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን ከሕፃን መብቶች ይቆጥራቸዋል። የጋራ ነው የተባለው ውሃ ዳሩ በአጥር ከተዘጋ የጋራነቱ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው።

ይህን አሁን የምንለው ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሆን ነው። ቢሾፍቱ በሐይቅ የተከበበች ከተማ ናት፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ቢሾፍቱ ራሱ። ሆራ አርሰዲ በእሬቻ ሕዝብ የሚጎርፍበት ዳርቻ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ ወጣ ሲባል ግን ሐይቁን በሆቴል በረንዳ በኩል ካልሆነ ለማየት የሚያስቸግርበት ቦታ ብዙ ነው፤ እይታው ከማኪያቶው ጋር ይሸጣል። ባለሀብቱን አንወቅስም፤ ቦታ ተሰጠው፣ አጠረ፣ ሠራ፣ ሰው ቀጠረ። የምንወቅሰው ቦታውን ሲሰጥ የእግረኛ መተላለፊያ ሳያስቀር የፈረመውን እጅ ነው።

ሐዋሳ የተሻለ ትምህርት አላት። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ሥፍራ በኩል ዳርቻውን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ሲመሽ ወጣቱ፣ ሽማግሌው፣ ጋሪ የሚገፋው እናትና አባት እኩል ይርመሰመሱበታል። የሲዳማ ሕዝብ ፊቼ ጨምበላላን የሚያከብርበት ጉዱማሌም የሕዝብ አደባባይ ሆኖ ኖሯል። ወደ አሞራ ገደል ሲወርዱ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ዓሣ ይበላል፣ ጉማሬ ለማየት ጀልባ ይከራያል፣ ገንዘብ ይወጣል። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ እየጠበቁ እንደ ዘበኛ ተደርድረው ሲቆሙ ለልጅ ከዚያ የበለጠ ትርኢት የለም። በአንድ ሐይቅ ዳር ነፃውም የሚከፈልበትም ጎን ለጎን ይኖራል፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋም። እንዲያውም በነፃ ሊንሸራሸር የመጣው ነው ኋላ ርቦት ዓሣ የሚያዘው።

ለዚህ አቋማችን የሚሰጠውን መልስ አስቀድመን እናውቃለን፦ «በነፃ የተከፈተ ይቆሽሻል።» እውነት አለው። ነፃ የተባለ ሜዳ ብዙውን ጊዜ የጫት ገረባና የፌስታል መጣያ ሆኖ አይተናል፤ መፀዳጃ ስለሌለውም ሴት ልጅ ያላት እናት ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆይበትም። ነገር ግን የሚያቆሽሸው ነፃነቱ አይደለም፤ ባለቤት ማጣቱ ነው። ከመኪና ማቆሚያው፣ ከጀልባው ፈቃድና ከምግብ ቤቱ ኪራይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ ጥቅሉ ካዝና ከመግባቱ በፊት ሁለት የጽዳት ሠራተኛና አንድ ጥበቃ ይቅጠርበት። መፀዳጃው ከሐይቁ ይራቅ፤ ውሃ የሌለው መፀዳጃ ደግሞ አይቆጠርልንም። ጀልባ የሚያከራይ ለልጅ የሚሆን የደህንነት ጃኬት ከሌለው ፈቃድ አይሰጠው። ለአዋቂ የተሠራ ጃኬት ሕፃን ላይ ማጥለቅ ጃኬት እንዳለማድረግ ይቆጠራል፤ ሕፃኑ ከታች ሾልኮ ይወርዳል። ተመልሶ የሞላ ሐይቅ ሥር የቀድሞ ማሳ፣ ቦይና የውሃ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል፤ ጥልቀቱ ተለክቶ ምልክት እስኪተከል ድረስ ዋና ይከልከል።

ስለ ገበሬው ዝም ብለን አናልፍም። ዳርቻው ባዶ መሬት አይደለም፤ ሐይቁ በሸሸ ጊዜ ተከትሎ የወረደ፣ በተመለሰ ጊዜም ማሳው የተዋጠበት ሰው አለ። ለከተሜ ሽርሽር ሲባል ያለ ካሳ የሚነሳ ከሆነ የምንከራከርለት ነፃ ዳርቻ ግፍ ይሆናል። ከጀልባውና ከምግብ ንግዱ ፈቃድ ቀዳሚው ድርሻ የዳርቻው ቤተሰቦች ልጆች ቢሆን ሐይቁን ከሞተር የሚጠብቀው ዘበኛ ያኔ ይገኛል። ይህ የምሥራቅ ሐረርጌ አስተዳደርና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አብረው ሊይዙት የሚገባ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሐይቁን መድረቅም መመለሱንም ከደጁ ሆኖ አይቷል፤ ውሃው በየወቅቱ እስከ የት እንደሚደርስ ለክቶ «ከዚህ መስመር ወዲህ አጥር አይተከልም» የሚል ካርታ ለማውጣት ከእሱ የቀረበ የለም።

የድሬዳዋ አስተዳደር ግን በሰው ሐይቅ አይከለል። 40 ኪሎ ሜትር ሽቅብ መውጣት ለበዓል እንጂ ለየሳምንቱ አይሆንም። ሳቢያን የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ቦታውም አለ ባይ ነን።

ሳቢያን የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ለረጅም ዘመን ድሬ የጠጣችው ከዚህ ሰፈር ከርሠ ምድር ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ከተማውን ያጠጣ ሰፈር ለልጆቹ አንድ እርጥብ ሣር የለውም። የጉድጓዶቹ ነገር ሌላም ችግር አለበት። በጥናት እንደታየው ከመፀዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ፍሳሽ የከርሠ ምድሩን ውሃ ናይትሬት ከፍ አድርጎታል። መፍትሔው ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ በውሃ ጉድጓዶቹ ዙሪያ ቤትና መፀዳጃ የማይቆፈርበት ቀለበት ማስጠበቅ ነው። ባዶ የተተወ ቀለበት ደግሞ በከተማችን ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ አንድ ሌሊት ቆርቆሮ ይበቅልበታል።

ቀለበቱን ዛፍና ሣር ይጠብቀው እንላለን። የጉድጓዱ ራስ በአጥሩ ውስጥ ይቆይ፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ለሰፈሩ ይከፈት። ማዳበሪያ አይነስነስበት፣ ከብት አይግባበት፣ መፀዳጃው ከቀለበቱ ውጭ ተሠርቶ ፍሳሹ በመኪና ይወሰድ። መግቢያው በነፃ ይሁን። ዳር ላይ ለሻይ፣ ለሳምቡሳና ለዘይቱን ሻጮች ጥቂት መደብ ይከራይ፤ ኪራዩ የአትክልተኛውን ደመወዝ ይሸፍን። ለዥዋዥዌና ለመንሸራተቻ ባለሀብት ይምጣ ከተባለም ይምጣ፤ ግን ማዕዘን ይሰጠው እንጂ በሩን አይያዝ። ብረት መንሸራተቻ በድሬ ፀሐይ ምን እንደሚያደርግ የልጅ ጭን ያውቀዋል፤ ጥላ ሳይኖር መጫወቻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የኮሪደር ልማት እያሉ ዋና መንገድ የሚያስውቡ እጆች እዚህም ይድረሱ፤ መብራት ያስፈልጋል፤ ድሬ የምትኖረው ሲመሽ ነውና።

የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መሬቱን ይለይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ካርታውን ያውጣ፣ የከተማው ምክር ቤት ለአትክልተኛና ለጥበቃ ቋሚ የበጀት መደብ ያጽድቅ። ዘመቻ አንፈልግም፤ በአንድ ጠዋት ተተክሎ ፎቶ የተነሳበት ችግኝ በጥቅምት ደርቆ አይተናል። የኒም ዛፍ ሙቀታችንን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ውሃ የሚያጠጣው ሰው ካገኘ ነው፤ አምስትና ስድስት ዓመትም ይፈልጋል። በዚህና በቀጣዮቹ ክረምቶች ካልተተከለ፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የሚገባው የሳቢያን ልጅ ጥላውን ሳያይ ስምንተኛን ይፈተናል።