ፖሊስን ማን ይመርምረው? የናይሮቢ ልምድና የእኛው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2025 አንድ ኬንያዊ አባት የመሬት ካርታቸውን ይዘው ናይሮቢ ገቡ። ሐሳባቸው ካርታውን አስይዘው ልጃቸውን በዋስ ማስፈታት ነበር። ልጃቸው አልበርት ኦጅዋንግ የ31 ዓመት መምህርና በማኅበራዊ ድረ ገጾች ላይ የሚጽፍ ጦማሪ ሲሆን፣ የፖሊስ ምክትል ኢንስፔክተር ጄኔራሉን የኤሊውድ ላጋትን ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ በኤክስ ላይ አሠራጭቷል ተብሎ ከአንድ ቀን በፊት በምዕራብ ኬንያ ሆማ ቤይ ተይዟል። እዚያው አካባቢ ባለ ጣቢያ ቃሉን መስጠት ሲችል 350 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና አጓጉዘው ናይሮቢ ማዕከላዊ ፖሊስ ጣቢያ አስገቡት። አባት ዋና ከተማዋ ሲደርሱ የጠበቃቸው የልጃቸው መርዶ ነበር።

ፖሊስ ወዲያውኑ መግለጫ አወጣ። ተጠርጣሪው በታሰረበት ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ ራሱን ጎዳ፣ ሆስፒታል ተወስዶም ሕይወቱ አለፈ የሚል ነበር። እንዲህ ዓይነቱ መግለጫ ለእኛም ለአንባቢዎቹ ጆሮ እንግዳ አይደለም። እንግዳው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በቀናት ውስጥ የአስክሬን ምርመራ ያካሄዱት ሐኪሞች የጭንቅላት ጉዳት፣ አንገቱ የመታነቁን ምልክትና በሰውነቱ ላይ በየቦታው የደረሰ ጉዳት ማግኘታቸውን፣ ይህም ሰው በገዛ ራሱ ላይ የሚያደርሰው ዓይነት አለመሆኑን ይፋ አደረጉ። ዋናው ኢንስፔክተር ጄኔራል ዳግላስ ካንጃ ሴኔት ፊት ቀርበው ቀደም ሲል የተሰጠው መግለጫ ትክክል እንዳልነበረ አምነው ይቅርታ ጠየቁ። ወር ሳይሞላ ከፖሊስም ከሲቪልም የሆኑ ስድስት ሰዎች በነፍስ ግድያ ተከሰሱ። ተከሳሾቹ ድርጊቱን አልፈጸምንም ብለዋል፤ ጥፋተኛ መሆን አለመሆናቸውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት የተከሳሾቹ ዕጣ አይደለም። ፖሊስ በራሱ ቤት ስለተፈጸመ ሞት የሚሰጠው የመጀመሪያ መግለጫ የመጨረሻ መግለጫ ሆኖ እንዳይቀር ኬንያውያን ምን ሠሩ? የሠሩት ነገርስ እስከ የት ይዘልቃል? ጥያቄው የጎረቤት ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ከምርጫው ደም የተወለደ ተቋም

ኬንያ ወደዚህ የደረሰችው በደግ ፈቃድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተቀሰቀሰው ግጭት ላይ የተሰየመው በዳኛ ፊሊፕ ዋኪ የሚመራው አጣሪ ኮሚሽን 1,133 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ 405ቱ የሞቱት በጥይት ነው። በግጭቱ ቀስት፣ ገጀራና እሳት በስፋት ሥራ ላይ ውለዋል። ጥይት ግን በአብዛኛው ያለው በማን እጅ እንደሆነ የታወቀ ነው። ኮሚሽኑ ፖሊስ ራሱን እየመረመረ ለውጥ ሊመጣ አይችልም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ቀጥሎም በጡረታ ላይ በነበሩት ዳኛ ፊሊፕ ራንስሊ የተመራ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2009 ከ200 በላይ የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረበ። የ2010 ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ በማግስቱ ዓመት ነፃ የፖሊስ ቁጥጥር ባለሥልጣን (በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ አይፖአ) በአዋጅ ተቋቋመ።

የአዋጁ ጉልበት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። በፖሊስ እጅ ሰው ቢሞት ወይም ከባድ ጉዳት ቢደርስበት አይፖአ የመመርመር ግዴታ አለበት። ፖሊስም ጉዳዩን ለአይፖአ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የሟች ቤተሰብ አቤቱታ እስኪጽፍ፣ ጠበቃ እስኪይዝ፣ የሚያውቀው ባለሥልጣን እስኪፈልግ አይጠበቅም። የኦጅዋንግ ጉዳይ ከግድግዳው ታሪክ ያለፈው መርማሪዎቹ ከሌላ መሥሪያ ቤት ስለመጡ ነው። የአስክሬን ምርመራውን ውጤት ፖሊስ ብቻ ተቀብሎ በመሳቢያ ሊቆልፍበት አልቻለም። ሴኔቱ የጠራቸው የአይፖአ ኃላፊዎች ከፖሊስ የተለየ ቃል ይዘው ቀረቡ። ዋናው ኢንስፔክተር ጄኔራል ይቅርታ የጠየቁት ከእነዚህ ማስረጃዎች ጋር ፊት ለፊት ሆነው መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ ከመሆኑ በፊት የተከፈለውን ዋጋ መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የቦዳ ቦዳ ሞተረኛ በመንገድ ፍተሻ ላይ ፖሊስ ተኩሶ አቆሰለኝ ብሎ ለአይፖአ አመለከተ። ከዚያ በኋላ ክስ በክስ ላይ ይደራረብበት ጀመር። ጠበቃው ዊሊ ኪማኒ ነበር። ጁን 2016 ጠበቃው፣ ደንበኛውና ሲያመላልሳቸው የነበረው የታክሲ ሾፌር ከፍርድ ቤት ሲመለሱ ጠፉ። አስክሬናቸው ከወንዝ ውስጥ ወጣ። ሦስት ፖሊሶችና አንድ ጠቋሚ ጥፋተኛ የተባሉት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2022 ነው። በፌብሩዋሪ 2023 አንዱ የሞት፣ ሌሎቹ የረጅም ዓመት እስራት ፍርድ ተሰጣቸው። አቤቱታ ለማቅረብ መብት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ አቤት ያለው ሰው ቤቱ በሰላም መግባቱን ማረጋገጥ ሌላ ነው። የኬንያ አዋጅ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን በበቂ አላሰበበትም ነበር።

የጣቢያው ካሜራና የአደባባዩ ካሜራ

ኬንያን አሞግሶ መጨረስ ግን ስህተት ይሆናል። በኦጅዋንግ ጉዳይ መርማሪዎቹ ማዕከላዊ ጣቢያ ሲደርሱ የገጠማቸውን ለሴኔት ሲያስረዱ የደኅንነት ካሜራው መቅጃ ዲስኮች ተነካክተው፣ ተቀይረውና ይዘታቸው ተደምስሶ ማግኘታቸውን ተናግረዋል። ያ ሌሊት በጣቢያው የሆነውን ያየው ካሜራ የተመርማሪው መሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ቁልፉም በእነሱ እጅ ነው።

በሳምንቱ ጁን 17 በናይሮቢ መንገድ ላይ የሆነውን ከዚህ ጋር እናነጻጽር። የኦጅዋንግን ሞት በመቃወም በተደረገ ሰልፍ መሐል የፊት ጭምብል ይሸጥ የነበረ ወጣት በቅርብ ርቀት ጭንቅላቱ ላይ ተተኮሰበት፤ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ድርጊቱ በጋዜጠኞችና በመንገደኞች ካሜራ ተቀርጾ በሰዓታት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። ፖሊስ መቅጃው ተበላሽቷል ሊል የሚችልበት ዕድል አልነበረም፤ አንድ የፖሊስ አባልም በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። የአንድ ተቋም፣ የአንድ ሕግ፣ የአንድ ወር ጉዳዮች ናቸው። ልዩነቱ ማስረጃው በማን እጅ መገኘቱ ላይ ነው።

ታዲያ ካሜራ ካለ ፍትሕ አለ ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የፋይናንስ ረቂቅ አዋጁን በመቃወም የኬንያ ወጣቶች አደባባይ ሲወጡና ጁን 25 ቀን ፓርላማውን ሲያጥለቀልቁት የነበረው ሁሉ ተቀርጿል። የኬንያ ብሔራዊ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በዚያ ሰሞን የሞቱትን 60 ያህል አድርሷቸዋል። ረቂቁ በማግስቱ ተሰረዘ፤ የተኳሾቹ ጉዳይ ግን ተንከባለለ። ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቢቢሲ ከሕዝብ ስልኮች የተሰበሰቡ ምስሎችን አገናዝቦ ፓርላማው ደጃፍ ላይ የተኮሱ የጸጥታ አባላትን ለይቶ አሳየ። ጋዜጠኞች ከቢሯቸው ሆነው የለዩትን መንግሥት በመዝገቡ ማን የትኛውን ጠመንጃ እንደወሰደ እያወቀ እንዴት አቃተው? አይፖአ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፤ ፖሊስ ሰነድ አይሰጥም፣ የተጠሩ አባላት አይቀርቡም፣ በጀቱም ከሥራው ጋር አይመጣጠንም። ተቋሙ ከተመሠረተ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ አቤቱታዎች ቀርበውለት በፍርድ ጥፋተኛ የተባሉት ፖሊሶች ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ከላይ የሚመጣው ቃልም የራሱ ክብደት አለው። በጁን 25 ቀን 2025 የመታሰቢያ ሰልፍና በጁላይ 7ቱ ሳባ ሳባ ቀን በድምሩ በርካታ አሥርት ሰዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ከሁለት ቀን በኋላ የሰው ንብረት የሚያቃጥል እግሩን ይመታና ከሆስፒታል ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥልጣን እንደያዙ በግድያ ይታማ የነበረውን ልዩ የፖሊስ ክፍል ያፈረሱ ናቸው። ጠመንጃ የያዘ ተራ ፖሊስ ከአዋጁ አንቀጽና ከፕሬዚዳንቱ ንግግር የትኛው ይበልጥ ይሰማዋል? መልሱን ለአንባቢ እንተወው።

ስለ ተራው ፖሊስ ከተነሳ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በቀድሞው ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የተመራው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2023 ያቀረበው ሪፖርት የኬንያ ፖሊስ ደመወዙ ዝቅተኛ፣ መኖሪያው የተጎሳቆለ፣ ሹመትና ዝውውሩ በገንዘብና በትውውቅ የሚሸጥ መሆኑን ዘርዝሯል። ቦታውን በጉቦ የገዛ ሰው የከፈለውን ከመንገደኛው ለመመለስ ይሞክራል። በደልን በሕግ ማስጠየቅና የፖሊስን ኑሮ ማሻሻል እንደ ተቃራኒ የሚያዩ ወገኖች በናይሮቢም በአዲስ አበባም አሉ። ሁለቱም ጎን ለጎን ካልሄዱ ግን አንዱም አይራመድም።

የእኛው መዝገብ

የኬንያው ዋኪ ኮሚሽን ሥራውን ሲጀምር እኛ የራሳችንን አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ሰምተን ነበር። የምርጫ 97ን ውጤት ተከትሎ በሰኔ 1997 ዓ.ም. እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ለደረሰው ሞት ምክር ቤቱ በአዋጅ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሟል። ኮሚሽኑ መንግሥት ቀደም ሲል ካመነው በእጅጉ የሚበልጥ ቁጥር ይዞ መጣ፤ 193 ሲቪሎች ሞተዋል፣ 763 ቆስለዋል፣ 6 ፖሊሶችም ተገድለዋል። ይህን ያህል መመዝገቡ በራሱ ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ለሥራው የተሰለፉት ሰዎች ሊመሰገኑበት ይገባል።

ችግሩ የመጣው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ፍርዱ ላይ ነው። ሰብሳቢው አቶ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ከወጡ በኋላ እንደተናገሩት፣ አባላቱ በመጀመሪያ ድምፅ ሲሰጡ 8 ለ 2 በሆነ ብልጫ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነበር ብለው ወስነዋል፤ ከዚያም ግፊት መጣ። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ በአዲስ ሰብሳቢ የቀረበው ሪፖርት ግን እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር አለ። ተመጣጣኝ ነው ከተባለ ማን ተኮሰ፣ ማን አዘዘ ወደሚለው ጥያቄ የሚወስደው በር በዚያው ይዘጋል፤ ተዘጋም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውኃ ፈስሷል። ማዕከላዊ ምርመራ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2012 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ እስር ቤቶችን የመጎብኘት ሥልጣን አግኝቶ የሚያወጣቸውን ሪፖርቶች እናነባለን። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 በምርመራ ላይ ያለን ሰው የሚደበድብን ወይም የሚያሰቃይን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 18 አለው። የሚከለክል ሕግ አጥተን አናውቅም። ያጣነው በጣቢያ ውስጥ ሰው ሲሞት መዝገቡን ከፖሊስ እጅ የሚረከብ፣ የመርማሪነትና ጉዳዩን ለክስ የማድረስ ሥልጣን ያለው የውጭ አካል ነው። ኮሚሽኑ ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምክረ ሐሳብ ነው። ባለጉዳይ በፖሊስ ላይ ያለውን ቅሬታ የሚወስደው ዞሮ ዞሮ እዚያው ፖሊስ ቤት ውስጥ ላለ ክፍል ነው። የተመታው ሰው የመታውን አባል አለቃ ደጅ ይጠናል፤ አንዳንዴም ወረፋ የሚያስይዘው ያው የመታው አባል ነው።

እንደ አይፖአ ያለ ተቋም እናቋቁም የሚል ሐሳብ በባለሙያዎች መድረክ ሲነሳ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛው አገሪቱ በግጭት ላይ እያለች ፖሊስን ማሸማቀቅ አይገባም የሚል ነው። ኬንያም አይፖአን ባቋቋመችበት ዓመት ሠራዊቷን ሶማሊያ አስገብታ ከአልሸባብ ጋር እየተዋጋች ነበር። ሁለተኛው የኬንያ ተቋም ራሱ ምን ፈየደ የሚል ሲሆን፣ ይኼኛው ጠንካራ ነው። ከላይ እንዳየነው ጥቂት ፍርድ፣ ብዙ መዝገብ፣ የተደመሰሰ ዲስክ። ምክትል ኢንስፔክተር ጄኔራል ላጋት እንኳ ለጊዜው ገለል ካሉ በኋላ ወደ ወንበራቸው ተመልሰዋል።

የዚህ ጸሐፊ አቋም ግን ድክመቱ ራሱ ምን መጻፍ እንዳለብን ያሳየናል የሚል ነው። ትልቅ ሕንፃና ረጅም መዋቅር ያለው ባለሥልጣን ከመመኘት በፊት ሦስት ነገር የሚያስገድዱ አጫጭር አንቀጾች ይበቃሉ። በፖሊስ እጅ የሞተ ሰው ጉዳይ ቤተሰብ ሳይጠይቅ በዚያው ቀን ለውጭ አካል ይነገር። አስክሬኑን የቤተሰቡ ወኪል የሆነ ሐኪም ባለበት ይመርመሩት። የጣቢያው ካሜራ ቅጂ ከጣቢያው ውጭ ይቀመጥ፤ ቁልፉም የጣቢያው አዛዥ ኪስ ውስጥ አይገኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በኦጅዋንግ ጉዳይ ላይ ሲሠሩ አይተናል። ሦስተኛው በናይሮቢ አልነበረም፤ በዚያ ሌሊት በክፍሉ ውስጥ የሆነውን ለማወቅ ዳኞቹ እርስ በርስ በሚካሰሱ ተከሳሾች ቃል ላይ እንዲንጠለጠሉ ያደረጋቸውም የእሱ አለመኖር ነው።