ስለ ትምህርት ቤት ማርክና ስለ ፈተና ነጥብ

ወጣቶች ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚገቡበት በር በምን መለኪያ እንደሚከፈትና በምን እንደሚዘጋ መመርመር ለወላጆች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በዚያ በር የሚያልፈው ነገ ሐኪም፣ ዳኛ፣ መሐንዲስና መምህር ሆኖ ሕዝብን የሚያገለግል ስለ ሆነ ነገሩ አገርን ሁሉ ይነካል።

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቬርሲቲዎችን በር የሚከፍተው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጠው ብሔራዊ ፈተና ነው። ተማሪው በየክፍሉ የሚያገኘው ማርክ ከክፍል ወደ ክፍል ያሻግረዋል እንጂ በዩኒቬርሲቲ ደጅ ሲደርስ ሚዛን ላይ አይወጣም። እንግዲህ ልጁ በሁለት ሚዛን ይመዘናል ማለት ነው፤ አንደኛው የመምህሩ፣ ሁለተኛው የመንግሥት። ዛሬ ልናመለክት የምንወደው እነዚህ ሁለት ሚዛኖች እጅግ መራራቃቸውን ነው።

በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ ስለ ተሰራጨ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ የሚታወስ ነው። ከዚያም በኋላ ስርቆትና ኩረጃ ስላልተገታ፣ የትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎቹን በዩኒቬርሲቲዎች ቅጥር ሰብስቦ ሰጠ። ቀድሞ እንደ ቦታው ስፋት በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይል የነበረውንም የመግቢያ ነጥብ ከመቶ 50 ላይ አቆመው።

ውጤቱም በታወቀ ጊዜ ብዙውን ሰው አስደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 አለፉ። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929፣ ማለት ከመቶ 8.4፣ የመግቢያውን ነጥብ አገኙ። ይህ መሻሻል ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን በእነዚህ ዓመታት የተፈታኞቹ ቁጥር ከ310,000 በላይ መቀነሱን አብሮ ማየት ይገባል። ጸጥታ በታወከባቸው ስፍራዎች ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ለፈተና ያልቀረቡ ልጆች አሉና፣ ያለፈው ሲቆጠር ያልደረሰውም አይረሳ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በእነዚህም ቤቶች የነበሩት ልጆች 12ኛ ክፍል የደረሱት በየዓመቱ «አልፏል» የሚል ካርድ እየተሰጣቸው ነው። መምህሩ «ያውቃል» ብሎ መሰከረ፤ ብሔራዊው ፈተና «ግማሹንም አያውቅም» አለ። ሁለቱ ምስክሮች በአንድነት እውነተኞች ሊሆኑ አይችሉም።

ማርክ ያለ ልክ የሚበዛበት ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ብዙ ተማሪ የጣለ መምህር ሰነፍ ይባላል፤ ብዙ ያሳለፈ ዲሬክተር ይመሰገናል፤ ወላጅም ካርዱን አይቶ ደስ ይለዋል እንጂ ደብተሩን አይመረምርም። በዚህ አኳኋን ሁሉም ደስ እያለው ልጁ ብቻውን ይጎዳል። በ9ኛ ክፍል ድካሙ ቢነገረው ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያርምበት ጊዜ በነበረው፤ አሁን ግን የሚነገረው በሩ ሲዘጋ ነው።

አንዳንዶች መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ የሌለውን የገጠር ልጅ ከከተማው ልጅ ጋራ በአንድ ሚዛን መመዘን ፍርድ አይደለም፤ ስለዚህ ነጥቡ ዝቅ ይበል ይላሉ። የልዩነቱ መኖር እውነት ነው። ለዚህም ሲባል ከመቶ 50 በታች ካገኙት የተሻሉት ተመርጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲማሩ መደረጉ መልካም ነው። ነጥቡን ዝቅ ማድረግ ግን ውድቀቱን ከትምህርት ቤት ወደ ዩኒቬርሲቲ ማዛወር እንጂ ማስቀረት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቬርሲቲ ተማሪም ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ስለሚጠብቀው፣ በመግቢያው የታለፈው ድካም በመውጫው መገለጡ አይቀርም። ሚዛኑን ቢያቀሉት እህሉ አይበዛም።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ያቆዩልንን ሥርዓት ካህናት ሁሉ ያውቁታል። ፊደል ያልለየ ዳዊት አይደግምም። የድጓ ተማሪ በየደብሩ ከመምህሩ ቢማርም ለምስክርነት ወደ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪም ወደ ዙር አባ ይሄዳል። መምህሩ ተማሪውን ሲልክ ነገ በሌላ ሊቅ ፊት የሚቆም መሆኑን እያሰበ ነውና፣ ያልበሰለውን «በስሏል» ብሎ አይሰድም። የዛሬው ትምህርት ቤት ግን ተማሪው ከ8ኛ ክፍል የክልል ፈተና በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ በብሔራዊ ሚዛን እንዳይታይ ሆኗል። ይሰጥ የነበረው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2012 ዓ.ም. ቀርቷልና፣ በእነዚህ አራት ዓመታት የልጁ ምስክር ማርኩ ብቻ ነው። ብቸኛ ምስክር ሲዋሽ የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ የትምህርት ሹማምንት ሆይ፣ በየዓመቱ የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ማርክና የብሔራዊ ፈተና ነጥብ ጎን ለጎን ተጽፎ ለሕዝብ ይገለጥ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ሲታይ ዲሬክተሩ ምክንያቱን ይጠየቅ፤ ጉድለቱም የመጽሐፍ ወይም የመምህር ማነስ ከሆነ ወረዳው ይሙላ። እውነተኛ ማርክ የሰጠ መምህር ብዙ በመጣሉ አይነቀፍ፤ ይልቁንም ይመስገን። በ10ኛ ክፍልም ማንንም የማይጥል፣ ለተማሪው ድካሙን ብቻ የሚያሳይ መለኪያ ቢሰጥ ይጠቅማል።

እናንተም ካህናት በየአጥቢያችሁ የምትሰሙ ናችሁና፣ ወላጅ ካርድ ብቻ አይቶ እንዳይረካ ምከሩ። በጊዜው የተነገረ ዝቅተኛ ማርክ ለልጁ ስድብ ሳይሆን ምክር ነው፤ በጊዜው ያልተነገረው ግን ከበሩ ፊት ፍርድ ሆኖ ይጠብቀዋል።